ነዳጅ ላይ የሚቆረጠው የመንገድ ብር ቀርቶ በኪሎሜትር ብንከፍልስ?

ዶልፊን_አዳማ፦

ሰላም ናችሁ ወገን። ሰሞኑን ማደያ ሰልፍ ላይ ሹፌሮች ስንከራከርበት የነበረ ነገር አለ፣ እዛ ሁሉም በየፊናው ስለሚጮህ የሚያውቅ ሰው ካለ እዚህ ቢያስረዳን ብዬ ነው ያመጣሁት። እኔ አዳማ ሞጆ ቢሾፍቱ መስመር ነው የምሰራው፣ ዶልፊን ሚኒባስ ኮድ 3፣ መኪናው የሰው ነው ገቢ እያስገባሁ ነው የምነዳው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤንዚን ስንቀዳ ዋጋው ውስጥ ለመንገድ ተብሎ የሚቆረጥ ብር አለ አይደል። ብዙ የቀዳ ብዙ ይከፍላል ማለት ነው። ድሮ ሁሉም መኪና ነዳጅ ስለሚጠጣ ጥያቄ አልነበረም። ከጥር 2016 ወዲህ ግን የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሎ ያው እንደምታዩት ፖስታ ቤት አካባቢ አንድ አፍታ ብትቆሙ የኤሌክትሪክ መኪናው ቢዋይዲውም አይዲ ፎሩም ይተላለፋል፣ ከቀን ወደ ቀን እየበዛ ነው። እነሱ ቤታቸው ሰክተው ያድራሉ ማደያ ደጃፍ አይደርሱም። በሰዎቹ አልቀናም፣ አግኝቼ ብገዛ እኔም ደስ ይለኛል፣ ግን መንገዱን እኩል እየሄድንበት ለጥገናው ከኔ ሊትር ብቻ እየተቆረጠ እስከመቼ ይዘለቃል? ነዳጅ የሚቀዳው ሰው ሲቀንስ ብሩም ይቀንሳል፣ ያኔ ወይ መንገዱ ይበላሻል ወይ በቀረነው ላይ ይጨመራል። የቀረነው ደግሞ አዲስ መኪና መግዛት ያልቻልነው ነን።

ውጭ አገር ነዳጅ ላይ መቁረጡን ትተው በተነዳው ኪሎሜትር ልክ ማስከፈል ጀምረዋል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? እኛ ጋ ቢመጣ ለኔ ቢጤው ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? ዋናው ፍርሃቴ ምን መሰላችሁ፣ አዲሱን ጨምረው አሮጌውን ሳያነሱ ሁለቱንም እንዳያስከፍሉን ነው። የኛ ታሪፍ የሚወጣው ከላይ ነው፣ ወጪ ሲጨመርብን ተሳፋሪው ላይ መጨመር አንችልም፣ ከልጆቼ ጉሮሮ ነው የሚወጣው። በ2014 ሐምሌ ድጎማው መነሳት ከጀመረ ወዲህ ቤንዚን የት ደርሶ እንዳለ ታውቃላችሁ፣ በ2017 ሊትሩ መቶ ብር ሲያልፍ ሁላችንም አይተናል። እባካችሁ የምታውቁ ጻፉ።


ቻርጅ_ላይ_ነኝ፦

ስለኛ ስለተነሳ ልመልስ። በቅድሚያ ወንድሜ ጥያቄህ ትክክል ነው፣ አልተቀየምኩም። ግን ከኛም በኩል ያለውን ስማ።

እኔ መኪናውን የገዛሁት መንግስት ግዙ ስላለ ነው፣ የነዳጅ እንዳይገባ ተከልክሎ ምርጫው እሱ ብቻ ሆኖ። ከአዲስ አበባ ወጣ ስትል ቻርጅ ማድረጊያ ፍለጋው ቀላል አይደለም፣ አሰላ ለመሄድ እንኳ አስበህ ነው የምትነሳው። የመብራት ታሪፉ ደግሞ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ነው፣ ይሄ ለአራት ዓመት የሚቀጥል ነው። ስለዚህ ነጻ ነው የሚሄዱት የሚለው ትንሽ ይስተካከል።

ያም ሆኖ ለመንገድ አልከፍልም አልልም። ፈጣን መንገዱ ላይ እኮ እየከፈልኩ ነው! ከአዳማ አዲስ አበባ ስትሄድ መግቢያው ላይ ካርድ ትወስዳለህ፣ መውጫው ላይ በሄድክበት ርቀትና በመኪናህ መጠን ትከፍላለህ፣ ቤንዚን ይሁን ናፍጣ ይሁን ባትሪ ማንም አይጠይቅህም። መንገዱ ከተከፈተበት ከ2007 ጀምሮ በኪሎሜትር መክፈል ምን እንደሆነ የአዳማ ሰው ያውቀዋል፣ አዲስ ነገር አይደለም። እኔ የምለው በድንገት አይምጣብን ነው። ኒውዚላንድ የኤሌክትሪክ መኪኖችን ለዓመታት ነጻ አድርጋ ቆይታ፣ ቀኑን ቀድማ አሳውቃ ነው በፈረንጆቹ ሚያዝያ 1 2024 ማስከፈል የጀመረችው። ሰው መኪና ሲገዛ ወደፊት ምን እንደሚጠብቀው ማወቅ አለበት። ዛሬ ገዝተህ ነገ ሂሳቡ ከተቀየረብህ መንግስትንም አታምንም፣ ቀጥሎ የሚገዛውም ሰው ያመነታል።


ጥገና_ክፍል፦

እኔ በሙያዬ የመንገድ ሰው ነኝ፣ ጥገና ላይ ነው የቆየሁት፣ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ታገሱኝ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

የመንገድ ፈንድ የሚባለው በአዋጅ ቁጥር 66/1989 ነው የተቋቋመው። ከዛ በፊት የጥገና በጀት ከሌላው ጋር ይሻማ ነበር፣ መንገድ ይሰራና ጥገና ሲደርስ ብር የለም ይባላል። ስለዚህ ነዳጅ ላይ የሚቆረጠው ለጥገና ብቻ እንዲውል ተለይቶ ተቀመጠ፣ ለፌደራል መንገዶች ለክልሎችና ለከተሞች ይከፋፈላል። ሃሳቡ ጥሩ ነበር አሁንም ጥሩ ነው፣ የተጠቀመ ይክፈል ነው። ደሞ ለመሰብሰብ ቀላል ነው፣ ነዳጁ አገር ውስጥ የሚገባው በጥቂት በር ስለሆነ እዛው ላይ ይቆረጣል፣ አንድም ሹፌር ደጃፍ መሄድ አያስፈልግም፣ ማጭበርበሩም ከባድ ነው። ይሄን ጥቅም አቅልላችሁ አትዩት። በኪሎሜትር እናስከፍል ያልክ ቀን እያንዳንዱን ባለመኪና መቁጠር ትጀምራለህ።

ችግሩ ነዳጅ የመንገድ አጠቃቀምን የሚለካው በግምት ነው። ቀላል ስሌት ልስጣችሁ፣ ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው። በሊትር 1 ብር ለመንገድ ይቆረጣል እንበል። በሊትር 16 ኪሎሜትር የሚሄድ ቪትዝ በኪሎሜትር 6 ሳንቲም ገደማ ከፈለ። በሊትር 8 የሚሄድ አሮጌ ዶልፊን 12 ሳንቲም ተኩል ከፈለ። የኤሌክትሪኩ ዜሮ። አሁን ሁሉም ቀላል መኪና በኪሎሜትር እኩል 9 ሳንቲም ይክፈል ብትል ዶልፊኑ ይቀንስለታል፣ ቪትዙ ይጨምርበታል፣ ኤሌክትሪኩ መክፈል ይጀምራል። ስለዚህ ለጠያቂው ወንድማችን መልሱ፣ ነዳጁ ላይ ያለው በእርግጥ ከተነሳ አንተ ተጠቃሚ ነህ። አሮጌ ሞተር ይዞ የሚሰራ ሰው በነዳጁ ስርዓት ነው ይበልጥ የሚጎዳው፣ ይሄን ብዙ ሰው ገልብጦ ነው የሚያየው።

ግን ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ አለ እሱም ክብደት ነው። በፈረንጆቹ ከ1958 እስከ 1960 አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ ኦታዋ የምትባል ከተማ አጠገብ ለሙከራ ብቻ መንገድ ሰርተው የጭነት መኪና ቀን ከሌት እያመላለሱ አስፋልቱ እንዴት እንደሚጎዳ ለኩ። የወጣው ውጤት እስከዛሬ የመንገድ ዲዛይን የሚሰራበት ነው፣ ጉዳቱ የሚያድገው በአክስሉ (ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያገናኘው ዘንግ) ጭነት አራተኛ ሃይል ገደማ ነው። ማለትም አክስል ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ እጥፍ ሳይሆን 16 እጥፍ ይሆናል። አንድ ቶን የምትመዝን ትንሽ መኪና በያንዳንዱ አክስል ግማሽ ቶን ናት። 10 ቶን የተጫነበት የከባድ መኪና አክስል የሷን 20 እጥፍ ይከብዳል፣ ጉዳቱ ግን 160 ሺህ እጥፍ ነው። ልድገመው፣ መቶ ስልሳ ሺህ። አስፋልት በጭነት ረገድ በቪትዝም በቢዋይዲም አይበላሽም። የአዳማ አዋሽን መንገድ ሸለቆ አድርጎ የሚያጎደጉደው ከባዱ ነው፣ ውሃ ማስወገጃው ሲደፈን ደሞ ዝናቡ ያግዘዋል።

ተደርቦ የሚጫነው ደሞ አለ። 10 ቶን የተፈቀደለት አክስል ላይ 12 ስትጭንበት ሁለት ቶን ብቻ ነው የጨመርኩት ትላለህ፣ ጉዳቱ ግን ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ለዚህ ነው ሚዛን ጣቢያ ላይ ጥብቅ መሆን ያለብን።

ስለዚህ የኔ አቋም፣ በኪሎሜትር ይሁን ግን በኪሎሜትር ብቻ አይሁን፣ ክብደትና አክስል ይግባበት። ክብደት ያልገባበት የኪሎሜትር ክፍያ ትንሿ መኪና የከባዱን እዳ እንድትከፍል ማድረግ ነው።


ጋሼ_ተሳቢ፦

ኢንጂነር በአክብሮት ነው የምመልስህ፣ የጻፍከው ቁጥር ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ግን ሙሉውን አላነሳኸውም። እኔ ጅቡቲ መስመር ላይ ከወጣትነቴ ጀምሮ አለሁበት፣ አሁን ተሳቢ አለኝ ልጄ ነው የሚነዳው።

አንደኛ የአገሪቱ የወጪ ገቢ እቃ ከሞላ ጎደል በኛ ጎማ ላይ ነው የሚመጣው። ባቡሩ ስራ ከጀመረ በኋላም ማዳበሪያው ዘይቱ ስንዴው ብረቱ ከጋላፊ ሚሌ አዋሽ መተሐራ ወለንጪቲ እያለ አዳማ ሞጆ የሚደርሰው በመኪና ነው። በኪሎሜትር በክብደት ብለህ በኔ ላይ ስትጭን እኔ ኪራይ ላይ እጨምራለሁ፣ ሌላ ምን አማራጭ አለኝ? ዞሮ ዞሮ ዘይት የምትገዛው እናት ናት የምትከፍለው።

ሁለተኛ ይሄን ደሞ በደንብ አስቡት። ስመጣ ሙሉ ጭነት ነኝ ስሄድ ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ነኝ፣ ምክንያቱም አገሪቱ የምታስገባው ከምታወጣው እጅግ ይበልጣል። ባዶ ተሳቢ አስፋልቱን ምን ያደርገዋል? በራስህ ስሌት እኮ ምንም አያደርገውም! ነዳጁ ይሄን ያውቃል። ጭኜ አሰቦትንም አዋሽንም ሳልፍ ሞተሩ ይጠጣል ብዙ እከፍላለሁ፣ ባዶ ስወርድ በግማሹ እሄዳለሁ ትንሽ እከፍላለሁ። እናንተ ግን ሊብሬው ላይ በተጻፈው ክብደት ስትመድቡኝ ባዶም ሙሉም አንድ አይነት ሊሆንብኝ ነው። ይሄ ፍትህ አይደለም። ነዳጅ ለክብደት ግድ የለውም የሚለውን ስለዚህ አልቀበልም፣ ልኩ ባይደርስም ያውቃል።

ሦስተኛ ክፍያው በኪሎሜትር ከሆነ ኪሎሜትሩም መንገድ ይሁን። መተሐራ ጋ በሰቃ ሐይቅ መንገዱን እየገፋ ስንት ዓመት እንዳስቸገረ የመስመሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ባልስትራ የሚሰብር መንገድ ላይ ሄጄ ጎማ ቀይሬ ባልስትራ አስጠግኜ፣ ለዛው ኪሎሜትር ልክፈል ስትለኝ ሁለቴ ነው የከፈልኩት። በተከፋይ መንገዱ ላይ እኔም ደስ ብሎኝ ነው የምከፍለው ምክንያቱም አያስቆመኝም።


ፖርትላንድ_ያለሁ፦

ሰላም አዳሞች፣ ገንደ ሀራ ነው ያደግኩት አሁን ኦሪገን ነኝ። ኦሪገን ደሞ ይሄ ነገር የተጀመረበት ቦታ ስለሆነ በአካል የማውቀውን ልንገራችሁ።

አሜሪካ ውስጥ ነዳጅ ላይ ለመንገድ መቁረጥን መጀመሪያ በህግ ያወጣችው ግዛት ኦሪገን ናት፣ በ1919 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)፣ በጋሎን 1 ሳንቲም። በሱ ፈንታ በማይል ማስከፈልንም ቀድማ የሞከረችው እሷው ናት፣ ኦሪጎ ይሉታል፣ ሐምሌ 2015 ተጀመረ። ግዴታ አልነበረም በፈቃድ ነው የምትገባው። በ2024 ዋጋው በማይል 2 ሳንቲም ነበር፣ አንድ ማይል 1.6 ኪሎሜትር ነው። የነዳጁ ደሞ በጋሎን 40 ሳንቲም። ስለዚህ በጋሎን 20 ማይል የሚሄድ መኪና፣ በኛ አነጋገር በሊትር 8 ኪሎሜትር ተኩል ገደማ፣ በሁለቱም ያው ነው የሚከፍለው። ከዛ በላይ ነዳጅ የሚቆጥብ መኪና ያለው በማይሉ ይጨምርበታል፣ ከዛ የባሰ የሚጠጣ ያለው ይቀንስለታል። ኢንጂነሩ ያለው በትክክል እዚህ የሚታይ ነው።

ለጠያቂው ትልቁ ነገር ግን ይሄ ነው። በነዳጅ የሚሰራ መኪና ይዘህ ኦሪጎ ውስጥ ብትገባ ማደያ ላይ ለግዛቲቱ የከፈልከው የነዳጅ ግብር ተሰልቶ ይቀነስልሃል። ሁለቴ አትከፍልም። ሂሳቡ ሲመጣልህ በማይል ይሄን ያህል፣ በነዳጅ ቀድመህ የከፈልከው ይሄን ያህል፣ ልዩነቱ ይሄ ነው ይልሃል። ስለዚህ የናንተ ማህበር የሚጠይቀው ጥያቄ እሱ መሆን አለበት፣ የሚቀናነሰው እንዴት ነው? ብሎ።

ለጋሼ ደሞ፣ እዚህ ከባድ መኪናዎች ከጥንት ጀምሮ ለብቻቸው ናቸው። ከ26 ሺህ ፓውንድ በላይ የሆነ መኪና፣ ወደ 12 ቶን ገደማ ነው፣ ኦሪገን ውስጥ በክብደትና በማይል ይከፍላል፣ በዛ ፈንታ ናፍጣው ላይ የግዛቲቱን ግብር አይከፍልም። አንዱን ወይ ሌላውን ነው። ክፍያው በክብደት ደረጃ ነው የሚወጣው፣ ከፍ ያለ ጭነት ላይ ደሞ አክስል የበዛለት መኪና ዝቅ ያለ ይከፍላል ምክንያቱም ክብደቱ ስለሚከፋፈል።

ለምን ቀየሩ ካላችሁ፣ የፌደራሉ የነዳጅ ግብር በጋሎን 18.4 ሳንቲም ከሆነ ከ1993 ጀምሮ አልተነካም፣ ማንም ፖለቲከኛ እኔ ጨመርኩ መባል አይፈልግም። በዛ መሃል ሬንጅም ሲሚንቶም የሰው ጉልበትም ዋጋው ሌላ ሆነ፣ መኪናውም ነዳጅ ቆጣቢ ሆነ፣ የመንገድ ፈንዳቸው ከ2008 ጀምሮ ከሌላ በጀት እየተደጎመ ነው የሚኖረው። በሊትር የተቆረጠ ሳንቲም ካልተነካካ ዋጋው እየሟሟ ይሄዳል፣ ይሄ እናንተም ጋ የሚመጣ ነው።


ዶልፊን_አዳማ፦

እህቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የሚቀናነስ ነገር አለ ያልሽው በጣም ጠቅሞኛል። ኢንጂነርም አመሰግናለሁ፣ ጋሼም ልክ ነው ባዶ የሚመለስ መኪና እንደሙሉ መቆጠር የለበትም።

አሁን ሌላ ጥያቄ፣ ኪሎሜትሩ በምንድነው የሚለካው? ጂፒኤስ ግጠሙ ሊሉን ነው? እኔ የት እንደዋልኩ የት እንዳደርኩ ማንም እንዲያይብኝ አልፈልግም፣ ሚስጥር ኖሮኝ አይደለም ግን የኔ ነው። ቆጣሪው ላይ ይነበብ ከተባለ ደሞ ያው ሁላችንም እናውቃለን፣ ኪሎሜትር ማስቀነስ ስንት ደቂቃ ነው የሚፈጀው? ገበያ ላይ 80 ሺህ ብቻ የሄደች እየተባለ የሚሸጠው መኪና ሁሉ እኮ እውነት ቢሆን ጥሩ ነበር።


ኤሌክትሪሻን_ፍራንኮ፦

ጋራዥ ያለሁ ሰው ነኝ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው የምሰራው። ዶልፊን ያልከው እውነት ነው ግን ከሱም የሚቀድም ችግር አለ፣ የአሮጌዎቹ ቆጣሪ ጭራሽ አይሰራም። ገመዱ ተበጥሶ ወይ ጌጁ ሞቶ ከቆመ የቆየ ነው፣ ሰውም ለመሄድ ስለማይከለክለው አያሰራውም። ደንበኛ ይመጣል መብራት ያሰራል፣ ቻርጁን አስተካክልልኝ ይላል፣ ቆጣሪውን አስተካክልልኝ ያለኝ ሰው ብዙ አይደለም። ስለዚህ በቆጣሪ ይሁን የሚባል ከሆነ መጀመሪያ ለሁሉም መኪና የሚሰራ ቆጣሪ ማስገጠም ነው፣ ያ ደሞ ወጪ ነው፣ ማን ይሸፍን የሚለው መነሳት አለበት።

አዲሶቹ ኤሌክትሪኮቹ ላይ ግን ይሻላል። ኪሎሜትሩ ዳሽቦርዱ ላይ ብቻ አይደለም የሚቀመጠው ሌሎች ሞጁሎች ውስጥም ይመዘገባል፣ አንዱን ብታስቀንስ ሌላው ያጋልጥሃል፣ በማሽን ስታነበው ይታያል። ስለዚህ ከነሱ ቢጀመር በቴክኒክ በኩል ይቻላል ባይ ነኝ።

ጂፒኤስም የግድ አይደለም። ሃዋይ ውስጥ ለኤሌክትሪክ መኪና በማይል ሲያስከፍሉ የሚያነቡት በየዓመቱ ምርመራ ላይ በሚመዘገበው ኪሎሜትር ነው። እኛም እኮ በየዓመቱ ቦሎ እናወጣለን! መኪናው ምርመራ ይገባል ቁጥሩ ይጻፋል፣ ካምናው ላይ ተቀንሶ ልዩነቱ ይከፈላል፣ የት እንደዋልክ ማንም አያውቅም ስንት እንደሄድክ ብቻ። ኒውዚላንድ ደሞ ቀድመህ ነው የምትገዛው፣ አንድ ሺህ ኪሎሜትር፣ ለቀላል መኪና 76 የነሱ ዶላር ነው፣ ከባዶቹ ላይ ጎማው መሃል የሚገጠም ለብቻው የሆነ ቆጣሪ አላቸው። በቴሌብር አንድ ሺህ ኪሎሜትር ግዙ ቢባል እኮ ለኛ ሰው ከባድ አይሆንም፣ ነዳጅም ከ2015 ጀምሮ በስልክ ነው የምንከፍለው ለምደነዋል።

የሚያሰጋኝ ምርመራው ራሱ ነው። መኪናው ሳይመጣ ቦሎ የሚለጠፍበት አሰራር ካለ ኪሎሜትሩም ሳይነበብ ይጻፋል። ብር ያለው ዝቅ አድርጎ ያስጽፋል፣ የሌለው በሙሉ ይከፍላል። እሱ ሳይስተካከል ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።


ሽንኩርት_መቂ፦

ሁላችሁም ስለ መኪና ነው የምታወሩት እኔ አንድ ነገር ልጨምር። እኔ አዳማ ነው የምኖረው እርሻዬ ግን መቂ ነው፣ ሽንኩርትና ቲማቲም። ውሃ የምስበው በፓምፕ ነው፣ ቤንዚን የሚጠጣ ፓምፕ። ፓምፑ አስፋልት ረግጦ አያውቅም፣ ግን በሊትር ለመንገድ እኩል ይቆረጥብኛል። ወፍጮ ቤቱም ያው ነው ጀነሬተሩም ያው ነው። ሽንኩርቱን ወደ ገበያ ሲጭንልኝ አይሱዙው ለራሱ ነዳጅ ይከፍላል፣ እሱ ተገቢ ነው፣ መንገድ ተጠቅሟል። የፓምፑ ግን ምንድነው? በኪሎሜትር ከሆነ እኔ ከዚህ እዳ ነጻ ነኝ፣ ስለዚህ እደግፋለሁ። የመስኖ ሰው በዚህ ጉዳይ ድምጹ ስለማይሰማ ነው የጻፍኩት።


ባጃጅ_አዳማ፦

እኛስ? ባጃጅ ቀኑን ሙሉ ስትዞር ትውላለች ኪሎሜትሩ ብዙ ነው ክብደቷ ግን ምንም ነው። በኪሎሜትር ብቻ ከተባለ የኛ ነገር አበቃ። ደሞ የምንሄደው ውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን ላይ ነው፣ ብሩ ለከተማዋ ካልደረሰ ለኛ መንገድ ምን ጠቀመው።


ጥገና_ክፍል፦

ሁላችሁም በጣም ጥሩ ነገር ነው ያነሳችሁት፣ የፓምፑን እኔም ረስቼው ነበር ባልልም እንዲህ ሲነገር ግን ክብደቱ ይሰማል።

ጋሼ ያሉት ትልቅ ነጥብ ነው፣ ነዳጅ ጭነትን በከፊል ይከተላል። ልዩነቱ የት ነው ካሉኝ፣ ሙሉ ጭነት ላይ ነዳጁ ምናልባት እጥፍ ቢሆን ነው፣ የአስፋልቱ ጉዳት ግን ከባዶው ጋር በእጥፍ የሚነጻጸር አይደለም በብዙ አስር እጥፍ ነው። ስለዚህ ነዳጁ አቅጣጫውን ያውቃል ልኩን አያውቅም። መፍትሄው እርሶ እንዳሉት ባዶ ጉዞን መለየት ነው። ሚዛን ጣቢያ ላይ የሚሰጥ ወረቀት አለ፣ ያ በኮምፒውተር ከተያያዘ ወደ ጅቡቲ ባዶ የወረደው በባዶ ዋጋ ሲመለስ የጫነው በጫነው ዋጋ ይሰላል። አክስል የበዛ መኪና ደሞ ዝቅ ይበልለት፣ ያኔ ሰው በትንሽ አክስል ብዙ ከመጫን አክስል ያለው ተሳቢ መግዛት ይጀምራል፣ መንገዱም ይተርፋል።

ባጃጅ፣ ክብደት ከገባበት አንተ ከሁሉም ዝቅተኛው እርከን ላይ ነህ፣ እንደውም ባጃጅና ሞተር ጭራሽ ባይገቡ ነው የምመርጠው፣ ለመቆጣጠር የሚወጣው ብር ከሚሰበሰበው ይበልጣል።

ሌላ ሳልጠቅሰው የማላልፈው ነገር፣ አሁን ክፍያው ያለው ፈጣን መንገዱ ላይ ብቻ ስለሆነ ክፍያ የሚሸሽ መኪና በአሮጌው መንገድ ነው የሚሄደው፣ በሞጆ በቢሾፍቱ በዱከም መሃል ከተማ እያቋረጠ። ከባድ መኪና ህጻናት በሚያቋርጡበት መንገድ የሚያልፈው አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ሁሉም መንገድ በኪሎሜትር የሚቆጠር ከሆነ ግን በአሮጌው መሄድ ያን ያህል አያተርፍም። ለኔ ይሄ ብቻውን ሃሳቡን እንድደግፍ ያደርገኛል፣ ሰው ስለሚሞትበት ጉዳይ ነው።

ስለ አጀማመር፣ አይስላንድ በፈረንጆቹ ጥር 2024 ከኤሌክትሪኮቹ ነው የጀመረችው፣ በኪሎሜትር 6 ክሮና፣ ተሰክተው ነዳጅም የሚጠቀሙት ደሞ 2 ክሮና ምክንያቱም ያኔ በነዳጅ በኩልም ይከፍሉ ስለነበር። አውስትራሊያ ውስጥ ግን የቪክቶሪያ ክልል በ2021 በኤሌክትሪክ መኪና ላይ በኪሎሜትር ጀምሮ በጥቅምት 2023 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክልሉ እንዲህ አይነት ግብር የመጣል ስልጣን የለውም ብሎ ሰረዘው። ይሄን የማነሳው ለኛም ስለሚሆን ነው፣ ክልል ለብቻው ከተማ ለብቻው ፌደራል ለብቻው ከጀመሩት ከአዳማ አዲስ አበባ ሦስት ቦታ ልትከፍል ነው። በአንድ አዋጅ በአንድ ቦታ መሆን አለበት።


ቻርጅ_ላይ_ነኝ፦

በዚህ መልኩ ከሆነ እስማማለሁ። ከኛ ይጀመር፣ ግን ዋጋውና ቀኑ ከአሁኑ ይታወቅ፣ ብሩም የጥገና ብቻ ይሁን። ከሚሰበሰበው ላይ በየከተማው ቻርጅ ማድረጊያ ቢሰራበት ደግሞ ማንም አያኮርፍም፣ እሱ ግን ከጥገናው ጋር ሳይቀላቀል በሌላ መስመር ቢሆን ይሻላል ምክንያቱም የመንገድ ብር ለሌላ ነገር መዋል ከጀመረ ማቆሚያ የለውም።


ዶልፊን_አዳማ፦

ለተሳተፋችሁ ሁሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ማህበራችን ስብሰባ ሲጠራ ይዤ የምገባው ይሄን ነው፣ ነዳጁ ላይ ያለው የመንገድ ክፍያ በዛው በአዲሱ አዋጅ ውስጥ ይነሳ ወይ እህታችን እንዳለችው ይቀናነስ፣ ካልሆነ አንደግፍም። የማይሰራ ቆጣሪ ያላቸው አሮጌ መኪኖች ቆጣሪ እስኪገጠምላቸው በነዳጁ ይቀጥሉ። ታሪፍ የሚያወጣው አካልም ከዚህ ጋር አብሮ ይቀመጥ፣ ወጪያችን ሲቀየር ታሪፉም እንዲታይ። ሹፌሮች ሆይ ሌላ የሚጨመር ካለ ከወዲሁ ጻፉልኝ፣ ገብቼ ዝም ብዬ መውጣት አልፈልግም።


ጋሼ_ተሳቢ፦

ልጄ ጎበዝ ነህ። ከኔ በኩል ይሄን ጨምርበት፣ የባዶ ጉዞ በሚዛን ወረቀት ይታይልን፣ ወረቀቱን ለማግኘት ደግሞ ሚዛን ላይ ግማሽ ቀን የሚያስቆመን እንዳይሆን። የአዋሽ መስመር ማህበራትን እኔ አናግራለሁ፣ ያን ካሟሉልን በክብደት መክፈሉን እንቀበላለን።